ካርታው ያላያት ጀልባ

በቺሎዌ ደሴት ዝናብ ፈቃድ አይጠይቅም፤
ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ እንግዳ ነኝ አይልም።
ሰባት ልጆች አሉኝ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል፣
አንድ ምድጃ፣ አንድ ስክሪን፣
ጣሪያው ላይ ደግሞ አንድ ሳህን፤
ነፋስ በገፋው ቁጥር ፊቱን የሚያዞርብን
እንደ ተቀየመ ጎረቤት።

ድሮ ጠመኔና ትዕግሥት ይበቃኝ ነበር።
አሁን ደጅ እጠናለሁ፦
«የይለፍ ቃል አስገቢ።» አስገባሁ።
«ትልቅ ፊደል ይጨመርበት።» ጨመርኩ።
«ቁጥርም፣ ምልክትም።» እሺ፣ እሱንም።
«ይህን ቃል ከዚህ በፊት ተጠቅመሽበታል።»
ይህን ያህል ካወቀኝ፣ ለምን አያስገባኝም?

ማታ ወደብ እወርዳለሁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፣
ዋይፋዩ በመስኮት ሾልኮ ከሚያመልጥበት ጥግ፤
በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በሌላው ኮምፒውተር፣
የከዋክብት ካርታ አወርዳለሁ፣ የክፍልፋይ ጨዋታ፣
ሰባ በመቶ ላይ የቆመ የልብ ምት ቪዲዮ።
ከቤቴ ቁልፍ ጋር በታሰረችው ፍላሽ
ግማሽ ዓለም አለ፤
ግማሹ ገና እየተጫነ ነው።

ስለ ጡት አጥቢ እንስሳት ልናነብ ብንል
ማጣሪያው ከለከለን፣ «ለልጆች አይሆንም» ብሎ።
የጎረቤት ላም ጡቷን አንጠልጥላ
በመስኮት ታየናለች፤
እሷን የሚያጣራ የለም።

አንዱ ነጻ የተባለ፣ ልጆቹን በጥያቄ ያስጨፈረ፣
በሠላሳኛው ቀን «ክፈይ» አለኝ።
ሌላው ፎቷቸውን ለመነ፣ የልደት ቀናቸውን፤
ከታች «እስማማለሁ» የምትል አረንጓዴ ቁልፍ።
አርባ ገጽ ውል አነበብኩ፣ ምድጃው እስኪጠፋ።
አልተስማማሁም።
ነዌን የፊት ጥርሱ ወልቆ የሚስቀው ሣቅ የእናቱ ነው፤
ማንም መጋዘን አይገባም።

ማክሰኞ ግን ሳህኑ ታረቀን።
የመርከቦችን ካርታ ከፈትኩ፣ በቀጥታ የሚንቀሳቀሰውን፤
ባሕሩ በቀስት ተሞላ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፤
አንዷን ሲነኳት ስሟን ትናገራለች፣
ባንዲራዋን፣ ፍጥነቷን፣ የምትሄድበትን።
ባልዶሜሮ ነዳጅ የጫነች ግዙፍ አገኘ፤
ኦርቴንሲያ የሳልሞን ጫኟን ስም እየጮኸች ቆጠረች።
ጂኦግራፊ እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

የዘጠኝ ዓመቷ ሚሊያራይ
ጣቷን ከደሴታችን በስተደቡብ አኖረች።
«የአባቴስ?»
አጎላሁ። አሳነስኩ። ደግሜ አጎላሁ።
ሰማያዊ ብቻ።
«ምልክት የምትልክ ሣጥን አለች» አልኳት፣ «ውድ ናት፤
እሷን ያልያዘች ጀልባ እዚህ አትታይም።»
«ታዲያ የለም ማለት ነው?»

ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ፤
ይህን ያህል የከበደ ጥያቄ ለፈተና አውጥቼ አላውቅም።
«ካርታው አያውቀውም ማለት ነው።
አለመታየትና አለመኖር ለየብቻ ናቸው፤ ጻፉት።»
ጻፉት።

እሷ ደብተሯን አልከፈተችም።
ከጠረጴዛዬ ማርከር አነሣች፣ ያንን የማይለቀውን፣
በስክሪኑ መስታወት ላይ፣ ከሰማያዊው መሃል፣
ትንሽ ጀልባ ሣለች፣ ከነሞተሯ፣ ከነጭሷ።
ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤
መብራት ሄደ።

በአልኮል አሸሁ፣ በሎሚ፣ በጥፍሬ፤ ወይ ፍንክች።
ገጹ ሲቀየር እሷ አትቀየርም፤
ረቡዕ በሰሃራ አሸዋ ላይ ቀዘፈች፣
ሐሙስ በሰው ልብ ግራ ክፍል፤
ለሚኒስቴሩ ቅጽ ስሞላ
«የተማሪ ብዛት» ላይ መልሕቋን ጣለች።

ዓርብ ሰውየው መጣ፣ ቦቲው ጨው ለብሶ፣ መሰላል ተሸክሞ፣
ሳህኑን ሊያጠብቅልን። ሲወርድ ስክሪኑን አየ።
«መምህርት፣ ይኼ ደግሞ ምን ብልሽት ነው?»
ሚሊያራይ ከእርሳሷ ቀና ሳትል
«አንተ ነህ» አለችው።

ጠጋ አለ። በወፍራም ጣቱ ነካት፤
ስሟን እስክትናገር
የሚጠብቅ ይመስል።